ለፒፓና ለሲጋር የሚሆን ላይተርና ክብሪት፦ አመራረጥ፣ አሞላልና አለኳኮስ

«ለሲጋር የገዛሁት ላይተር ለፒፓም ይሆናል ወይ?» «ዱባይ ላይ ያለ ችግር ይሠራ የነበረ ላይተሬ አዲስ አበባ ስገባ እምቢ አለኝ፤ ምን ነካው?» እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ተደጋግመው ስለሚቀርቡልን ሁለቱንም እዚህ በዝርዝር እንመልሳለን። ዋናውን ነገር አስቀድመን እንናገር፦ ሲገዙ የሚመርጡት የላይተሩን አካል ሳይሆን ነበልባሉን ነው። ያሸበረቀ ላይተር ይዞ ፒፓ ያቃጠለ ሰው ብዙ ነው፤ በአንድ ቀፎ ክብሪት ደግሞ ሁለቱንም በሚገባ መለኮስ ይቻላል።

እዚህ «ሲጋር» የምንለው በትምባሆ ቅጠል የተጠቀለለውን ወፍራሙን እንጂ በወረቀት የሚጠቀለለውን ሲጋራ አይደለም። ጋያና ሺሻ በፍም ስለሚጨሱ ይህ መመሪያ አይመለከታቸውም። የፒፓና የሲጋር ጢስ ወደ ሳንባ ባይሳብም ለአፍና ለጉሮሮ ካንሰር ያጋልጣል። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ኢትዮጵያ ውስጥ ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው ትምባሆ መሸጥ ክልክል ነው። አዋጁ ሕዝብ በሚገለገልባቸው ዝግ ቦታዎች ማጨስንም ስለሚከለክል የሚያጨሱት ደጅ ነው፤ ደጅ ደግሞ ነፋስ አለ። ላይተር ሲመርጡ ነፋሱንም ያስቡ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ለፒፓ፦ ለስላሳ ነበልባል ያለው ላይተር ወይም የእንጨት ክብሪት፣ እንዲሁም የትምባሆ መጠቅጠቂያ
- ለሲጋር፦ ባለ ችቦ ላይተር (ሰማያዊ ነበልባሉን ሽው እያለ የሚተፋው) ወይም ረጃጅም ክብሪት
- የተጣራ የላይተር ጋዝ (ቡቴን) አንድ ቆርቆሮ፤ ላይተሩ ባለ ፈትል ከሆነ ደግሞ የላይተር ቤንዚን
- ትንሽዬ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ
- መለዋወጫ የላይተር ድንጋይ (ላይተሩ ድንጋይ የሚጠቀም ከሆነ)
- የጆሮ ጥጥ፣ የታመቀ አየር ቆርቆሮና ትንሽ መስታወት
- ከባድ፣ የማይገለበጥ መተርኮሻ

1. መጀመሪያ የሚያጨሱትን ይለዩ

ፒፓ ላይ ትምባሆው ጎድጓዳ ውስጥ ነው ያለው፤ ስለዚህ እሳቱ ወደ ታች መውረድ አለበት። ለስላሳው ቢጫ ነበልባል አየር ሲሳብ አብሮ ይጎነበሳል፤ ትምባሆው ላይ ተዘርግቶ ከላይ ያለውን ሁሉ እኩል ያያይዛል። የችቦው ነበልባል ግን በግፊት ስለሚወጣ ቢስቡትም አይጎነበስም፤ ወደ ዞረበት ይወጋል። ሙቀቱን አንድ ነጥብ ላይ ስለሚሰበስብ ትምባሆውን መሀል ላይ ይቦረቡረዋል፤ የጎድጓዳውን ጠርዝ ደግሞ በጥቂት ሰከንድ ያከስለዋል። አብዛኛው የእንጨት ፒፓ የሚሠራው በሜድትራንያን ባሕር ዙሪያ ከሚበቅለው የአስታ ዛፍ ሥር እብጠት ነው። አስታ በእኛም ደጋ ይበቅላልና እንጨቱ ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ የሚያውቀው ያውቀዋል። ሆኖም በችቦ ቀጥታ ሲመታ የሚተርፍ እንጨት የለም። የበቆሎ ቆረቆንዳ ፒፓ ከዚያም ፈጥኖ ይነዳል።

ሲጋር ላይ ነገሩ ይገለበጣል። የሚለኮሰው ፊት ለፊት ያለው ሰፊ ጫፍ ነው፤ ከመሳብዎ በፊት ጫፉ ከዳር እስከ ዳር መሞቅ አለበት። እዚህ ችቦው ያግዛል፤ ነፋስ አያጠፋውም፤ ሳይነካ ከርቀት ያሞቃል።

2. የነበልባሉን ዓይነት ይምረጡ

የጋዝ ላይተር ባለ ለስላሳ ነበልባል። ለፒፓ ሌላ ነገር ሳይፈልጉ ይህን ይግዙ። የተጣራ ቡቴን ሽታው ትምባሆው ውስጥ አይገባም። ለፒፓ ተብለው የሚሠሩት ነበልባላቸው ወደ ጎን ያዘመመ ነው፤ ላይተሩን ሳይገለብጡ እሳቱ ጎድጓዳው ውስጥ ይደርሳል፤ ጣትም አያቃጥልም። ለሲጋርም ይሠራል፤ ትንሽ ጊዜ ይወስዳል እንጂ።

ባለ ችቦ ላይተር። ለሲጋርና ለነፋስ። የችቦው ብዛት በሲጋሩ ውፍረት ይወሰናል። የሲጋር ውፍረት የሚለካው በኢንች 64ኛ ክፍል ነው፤ «50» የተጻፈበት ሲጋር 50/64 ኢንች፣ ማለትም 20 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። እስከ 46 ላለው አንድ ችቦ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ሁለት፣ ከ54 በላይ ሦስት ይመቻል። አራት ችቦ ያለው ጋዝ ከመጨረስና ቅጠሉን ከማሳረር በቀር የሚጨምረው ነገር የለም። አንድ ችቦ ብቻ ቢኖርዎትም ቀስ ብለው እያሽከረከሩ ወፍራሙን መለኮስ ይችላሉ።

ባለ ፈትል ላይተር (እንደ ዚፖ ያለው)። ነፋስ አይበግረውም። ድንጋይና ፈትል ብቻ ስለሆነ ራስዎ ይጠግኑታል። ችግሩ ሽታው ነው፤ ቤንዚኑ መጀመሪያ ሲቀጣጠል የሚተወው ሽታ በተለይ ቀለል ባለ ትምባሆ ላይ ይታወቃል። ለኩሰው 3 ሰከንድ ያህል ከትምባሆው አርቀው ከያዙት ሽታው በአብዛኛው ይጠፋል። ለፒፓ የሚሠራው ዚፖ በነፋስ መከላከያው ጎን ላይ ክብ ቀዳዳ አለው፤ ላይተሩን ጎድጓዳው ላይ ጋደም አድርገው ሲስቡ ነበልባሉ በቀዳዳው ይወርዳል። ተራውን ዚፖ ለዚህ መገልበጥ ጣት ማቃጠል ነው። ቤንዚኑ ባይጠቀሙበትም ስለሚተን በየሳምንቱ ገደማ መሙላት ይኖርብዎታል።

የእንጨት ክብሪት። ነፋስ በሌለበት ለሁለቱም ጥሩ ነው፤ ስለ እሱ ተራ ቁጥር 5 ላይ እንመለሳለን።

3. ያሉበትን ከፍታ ያስቡ

የዱባዩ ላይተር መልስ እዚህ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ችቦ ላይተር ጋዝና አየርን አስቀድሞ በልክ ቀላቅሎ ነው የሚያነደው። አየሩ ሲሳሳ ለዚያው ጋዝ የሚደርሰው ኦክስጅን ያንሳል። ላይተሩ ውስጥ ያለው ግፊት ግን ከውጭው አንፃር ስለሚበልጥ ጋዙ በኃይል ይወጣል። ጋዙ በዝቶ አየሩ ያንሳል፤ ብልጭታው ቢኖርም አይቀጣጠልም። ላይተሩ አልተበላሸም።

መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከታች ያለውን ማስተካከያ በካቻቢቴ ወደ መቀነሻው (−) ሩብ ዙር ሩብ ዙር እያዞሩ ይሞክሩ። ብዙ ሰው አልነድ ሲለው ወደ መጨመሪያው (+) ያዞራል፤ ይህ ነገሩን ያባብሰዋል። ደጋ ላይ የሚኖር ሰው ከመጀመሪያው በድንጋይና በጎማ (በጣት በሚሽከረከረው ባለ ጥርስ ብረት) የሚቀጣጠል ላይተር ቢገዛ ይመረጣል። ምክንያቱም ድንጋዩ የሚረጨው የፍንጣሪ መዓት ነው፤ በኤሌክትሪክ የሚቀጣጠለው ግን አንዲት ቀጭን ብልጭታ ብቻ አለችው፤ ድብልቁ ትንሽ ከተዛባ ትስታለች። ጎንደር፣ ደሴና ደብረ ብርሃን ላይም ያው ነው።

ብርድም የራሱ ጣጣ አለው። ቡቴን በባሕር ወለል ግፊት ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መትነን ያቆማል። ስሜን ተራሮች ላይ በሌሊት ላይተር እምቢ ካለ መዳፍ ውስጥ ወይም ውስጥ ኪስ ለሁለት ሦስት ደቂቃ ያሙቁት። እሳት ዳር ግን አያስጠጉት።

4. ከመግዛትዎ በፊት ሱቁ ላይ ይፈትሹ

ክዳኑ ሲዘጋ ጠብቆ መያዙን ይዩ፤ የላላ ክዳን ኪስ ውስጥ ተከፍቶ የኪስ ብናኝ ወደ ችቦው አፍንጫ ያስገባል። 10 ጊዜ ይለኩሱት፤ ከ10ሩ 9 ጊዜ በመጀመሪያው ካልነደደ ይተዉት። ነበልባሉን 5 ሰከንድ አቆይተው ሲለቁት ወዲያው መጥፋት አለበት። ጆሮዎ አጠገብ ሲያስጠጉት የሚያፏጭ ነገር ከሰሙ ቫልቩ ያፈሳል። የጋዙ መጠን የሚታይበት መስኮት ያለው ይሻላል። ማሸጊያው ላይ አይኤስኦ 9994 የሚል ጽሑፍ ካለ በላይተር ደኅንነት መመዘኛ መሠረት መሠራቱን ይገልጻል።

5. ክብሪት ከመረጡ

የእንጨት ይሁን፤ የወረቀቱ ቶሎ ያልቃል፤ ሰም የተነከረውም ሽታ ይሰጣል። ለሲጋር 8 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ረጅም ክብሪት ይመቻል። በየሱቁ የሚገኘው ተራ ክብሪት ለፒፓ ይበቃል፤ ለሲጋር ሦስት ወይም አራት ያስፈልጋል። ሁለት ክብሪት አንድ ላይ ይዘው ቢጭሩ ነበልባሉ ሰፋ ይላል፤ ወፍራም ሲጋር ላይ ይህ ጥሩ ዘዴ ነው።

ክብሪቱን ከራስዎ ወደ ውጭ ይጫሩ። እሳቱ እንጨቱን እንዲይዝ ራሱን ትንሽ ወደ ታች ያዘንብሉት፤ ከያዘ በኋላ አግድም ያድርጉት። ወዲያው ግን ወደ ትምባሆው አይውሰዱት። ራሱ ላይ ድኝና ሌሎች ኬሚካሎች አሉ፤ ሽው ብሎ የሚነደው እነሱ ሲቃጠሉ ነው፤ 2 ወይም 3 ሰከንድ ይጠብቁ። እንጨቱ ብቻ ሲነድ ሽታው ይጠፋል። ክብሪት አይጣፍጥም የሚሉ ሰዎች አብዛኞቹ ይህን ሦስት ሰከንድ ያልጠበቁ ናቸው።

ክረምት ላይ ቀፎውን ክዳን ባለው ብልቃጥ ያስቀምጡ። የቀፎው መጫሪያ እርጥበት ሲነካው ይላጣል፤ ክብሪቱ ደረቅ ቢሆንም አይነድም።

ሲጋር በሚታሸግበት ሳጥን ውስጥ ስስ የእንጨት ልጣጭ ካገኙ አይጣሉት። በ1 ሴንቲ ሜትር ስፋት ቀደው ጫፉን በማንኛውም ላይተር ይለኩሱትና እንደ ረጅም ክብሪት ይጠቀሙበት። ችቦ ላይተር ብቻ ያለው የፒፓ ሰውም በዚህ ይገላገላል፤ በችቦው ልጣጩን፣ በልጣጩ ፒፓውን ይለኩሳል። በእሱ ፋንታ የጥድ ስንጥር አይጠቀሙ፤ ጥድ የራሱ ዘይትና ብርቱ ሽታ ስላለው ትምባሆውን ይሸፍነዋል።

6. ጋዙን በትክክል ይሙሉ

አብዛኛው «ተበላሸ» የሚባል ላይተር አሞላሉ ላይ የተበላሸ ነው።

ሀ) ደጅ ወይም መስኮት በተከፈተበት ቦታ፣ ከእሳትና ከበራ ሲጋር ርቀው ይሥሩ። ቡቴን ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፤ ክፍሉ ውስጥ ምድጃ ካለ እዚያ ድረስ ሊሄድ ይችላል።

ለ) ማስተካከያውን እስከ መጨረሻው ወደ (−) ያዙሩ። ካልቀነሱት ሲሞሉ የመጀመሪያው ነበልባል ድንገት ረዝሞ ፊት ይደርሳል።

ሐ) ላይተሩን ገልብጠው የመሙያውን ቫልቭ በካቻቢቴው ጫፍ ይጫኑ፤ ፉጨቱ እስኪያቆም ይጠብቁ። ይህን ሁለት ሦስት ጊዜ ይድገሙ። ውስጥ የቀረ አየር ካልወጣ ቦታ ይይዛል፤ ሞላሁ ያሉት ላይተር ግማሹ አየር ይሆናል፤ ነበልባሉም ይንተባተባል።

መ) ላይተሩ እንደተገለበጠ ቆርቆሮውን ከላይ ቁልቁል አድርገው፣ ቀጥ ብሎ እንዲገጥም ይጫኑ። ቆርቆሮው ካልተገለበጠ የሚገባው ፈሳሹ ሳይሆን ትነቱ ነው። ከ3 እስከ 5 ሰከንድ ይበቃል። በጎን የሚረጭ ከሆነ አልገጠመም፤ አፉን የሚያስተካክል አስማሚ ብዙ ጊዜ ክዳኑ ውስጥ አለ።

ሠ) 5 ደቂቃ ይጠብቁ። ፈሳሹ ሲገባ ላይተሩን ያቀዘቅዘዋል፤ የቀዘቀዘ ጋዝ በደንብ አይነድም። ደግሞም ዙሪያው የፈሰሰው እስኪበተን ነው። ከዚያ ለኩሰው ነበልባሉን ቀስ በቀስ ያስተካክሉ፤ ለፒፓ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ይበቃል።

የጋዙን ጥራት ለማወቅ ደጅ ላይ፣ ከእሳት ርቀው ጥቂቱን ንጹሕ መስታወት ላይ ይርጩ። ተንኖ ሲያልቅ የቅባት ምልክት ከተወ ያው ቅባት የችቦውን አፍንጫ ይደፍነዋል። ለስላሳ ነበልባል ያለው ላይተር ይህን ይታገሣል፤ ችቦ አይታገሥም።

ከሁሉ በላይ፦ ለወጥ ማብሰያ ከሚሸጠው የሲሊንደር ጋዝ ላይተር አይሙሉ። ሰው «ቡታጋዝ» ስለሚለው አንድ ይመስላል፤ ነገር ግን ፕሮፔን ሊኖርበት ይችላል። በ20 ዲግሪ ሙቀት የቡቴን ግፊት 2 ባር ያህል ሲሆን የፕሮፔን 8 ባር ያልፋል። የላይተር አካል ለዚያ አልተሠራም፤ ይፈነዳል። ለባለ ፈትል ላይተርም የመኪና ቤንዚን አይጨምሩ፤ ውስጡ ያሉት ኬሚካሎች መርዛማ ናቸው።

7. ፒፓውን ይለኩሱ

ነበልባሉን ከጠርዙ ወደ ውስጥ ገባ አድርገው ትምባሆው ላይ ክብ እየሠሩ፣ አጠር አጠር አድርገው እየሳቡ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ያዙሩ። ትምባሆው ያብጥና ወደ ላይ ይነሣል፤ እንዲያ መሆን አለበት። ቢጠፋም ይጥፋ፤ አይቸኩሉ። ያበጠውን በመጠቅጠቂያው ክብደት ብቻ ደልደል ያድርጉት፤ በኃይል ከተጫኑት አየር አያልፍም። አሁን ሁለተኛውን እሳት በዚያው አኳኋን ይስጡ። የመጀመሪያው እሳት ላዩን አክስሎ ማረፊያ ይሠራል፤ ሁለተኛው ነው የሚቆየው። በአንድ እሳት ለመጨረስ የሚሞክር ሰው በኃይል ይስባል፤ ጎድጓዳው ይግላል፤ ምላስ ይቃጠላል።

8. ሲጋሩን ይለኩሱ

የሚሳበውን ጫፍ ከቆረጡ በኋላ ሲጋሩን አፍ ውስጥ ሳያስገቡ በእጅ 45 ዲግሪ ዘንበል አድርገው ይያዙ። ነበልባሉ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቅ፤ ችቦ ከሆነ 3 ወይም 4። ሲጋሩን እያሽከረከሩ ከ15 እስከ 20 ሰከንድ (በችቦ ከሆነ መሀል ላይ አረፍ እያደረጉ) ያሙቁት፤ ዳር ዳሩ ጠቁሮ ቀለበት ሲሠራ ይበቃል። አሁን አፍ ላይ አድርገው፣ ነበልባሉን ሳያስነኩ፣ በእርጋታ እየሳቡ ያዙሩት። ከዚያ ጫፉን ወደ ራስዎ አዙረው እፍ ይበሉበት፤ ያልፋመ ጥቁር ክፍል ካለ እዚያ ላይ ብቻ ነበልባል ያሳዩት። ይህን ከዘለሉ ሲጋሩ በአንድ ጎን ብቻ ይበላል፤ በኋላ ለማስተካከልም አስቸጋሪ ነው።

የጠፋ ሲጋር ሲለኮስ አመዱን አራግፈው ነበልባሉን ጫፉ ላይ ይዘው መጀመሪያ ወደ ውጭ ይንፉ፤ ውስጥ የቆመው የከረረ ጢስ ይወጣል። ከዚያ እንደ አዲስ ይለኩሱ።

9. ያጽዱ

ችቦውን በታመቀ አየር በየወሩ ይንፉ፤ መርፌ ግን አያስገቡ፤ ቀዳዳው ከሰፋ ነበልባሉ ይጣመማል። ጎማው ላይ የተከማቸውን የድንጋይ ዱቄት በጆሮ ጥጥ ይጥረጉ። የድንጋይ ላይተር ፍንጣሪው ሲሳሳ ድንጋዩን ይለውጡ፤ እስኪያልቅ ከጠበቁ ጎማው ብረት ላይ እየተፋተገ ጥርሱ ያልቃል። የፒፓው ጠርዝ ላይ የቀረውን ጥቀርሻ ሳይደርቅ ረጠብ ባለ ጨርቅ ይጥረጉ።

ደጋግመው የሚታዩ ስሕተቶች

- ብልጭ ይላል፣ አይነድም፦ ጋዙ በዝቷል ወይም አየር ገብቷል። መጀመሪያ ወደ (−) ያዙሩ፤ ካልሆነ አስወጥተው እንደገና ይሙሉ።
- ነድዶ ወዲያው ይጠፋል፦ አፍንጫው ቆሽሿል፤ ይንፉት።
- ችቦው ቢጫ ሆኖ ይወዛወዛል፦ የአየር መግቢያው ተደፍኗል።
- ሲጋሩ ከሰል ከሰል ይላል፦ ነበልባሉ ነክቶታል።
- ችቦን ከ10 ሰከንድ በላይ በተከታታይ ማንደድ፦ ራሱ ይግላል፤ ክዳኑን ያቀልጣል። አረፍ እያደረጉ ይጠቀሙ።

ማስጠንቀቂያ

ላይተርን ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አይተዉ። ላይተሮች ላይ ከ50 ዲግሪ በላይ እንዳይሞቁ የሚል ጽሑፍ አለ፤ ሪያድ ወይም ኩዌት በበጋ የመኪና ውስጥ ሙቀት ይህን ያልፋል። ከልጆች ያርቁ። የችቦ ነበልባል ፀሐይ ላይ አይታይምና ጠፍቷል ብለው ጣት አያስጠጉ።

በአውሮፕላን ለሚጓዝ፦ ለግል መጠቀሚያ አንድ ተራ ላይተር ወይም አንድ ቀፎ ክብሪት በኪስ ብቻ ነው የሚፈቀደው። ባለ ችቦ ላይተርም የጋዝ ቆርቆሮም በእጅም ሆነ በሻንጣ አይፈቀዱም፤ የትም ተፍቆ የሚነድ ክብሪትም እንዲሁ። ቻይና ደግሞ ላይተርም ክብሪትም አውሮፕላን ላይ አታሳፍርም፤ ለንግድ ጓንዡ የሚመላለስ ሰው እዚያ የገዛውን ላይተር ይዞ ለመመለስ ባያስብ ይሻለዋል፤ ፍተሻው ላይ ይወሰድበታል።